ሐረርን በሰዓቷ፦ ከድሬዳዋ ወጥቶ ጁገልን፣ ጅቦቹንና ዙሪያውን ለማየት

ድሬዳዋ ላይ እንግዳ ተቀብሎ ሐረር ሳያወጣ የሚሸኝ ሰው ብርቅ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተዘርግታ በሙቀት ስትጋገር፣ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠችው ሐረር ሹራብ ታስለብሳለች። ሰው ለአየሩ ይወጣል፣ ለከተማዋም ይወጣል። ነገር ግን ብዙው እንግዳ አረፋፍዶ ይነሳል፣ ቀትር ላይ ጁገል (በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ) ይገባል፣ ሙዚየሙ ለምሳ ተዘግቶ ሱቁም ተዳፍኖ ያገኘዋል፣ ሁለት ፎቶ ተነስቶ ከመምሸቱ በፊት ይወርዳል። ከዚያ «ሐረር ምን አላት?» ይላል።

ሐረር ላይ የት እሄዳለሁ ከሚለው በፊት በስንት ሰዓት እሄዳለሁ የሚለው ይቀድማል። ያው አንድ መንገድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ገበያ ነው፣ 8 ሰዓት ላይ ባዶ ነው፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ የጅብ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተሰናዳው በሰዓት ነው፤ ሰዓቱም የእኛው አቆጣጠር ነው። ሁለት ሌሊት ማደር ይጠይቃል። አንድ ሌሊት ብቻ ካላችሁ ከግንቡ ውጭ ያለውን ክፍል ዝለሉት።

1. ቀኑን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ለእግር ጉዞ ይህን የሚያህል የለም። በበልግና በክረምት ከተማዋ አረንጓዴ ትለብሳለች፤ ግን የጁገል የድንጋይ መንገድ ዝናብ ሲመታው ያንሸራትታል፣ ከሰዓት በኋላም ዶፍ አይጠፋም።

ከሳምንቱ ቀናት የእኔ ምርጫ ሐሙስ ጠዋት ወጥቶ ቅዳሜ መመለስ ነው። ሐሙስ ማታ በከተማዋ ቅዱስ በአው አባድር መቃብር የዚክር (ፈጣሪን በዝማሬ የማወደስ) ሥርዓት አለ። ዓርብ ቀትር ላይ ሱቆች ለጁምዓ ሶላት ይዘጋሉ፤ ሰዉ ነጭ በነጭ ለብሶ ወደ መስጊድ ሲጎርፍ ማየት ግን በራሱ ጉብኝት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለገበያና ለመልስ ጉዞ ይቀራችኋል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ከአንድ ቀን ነው፦ ታኅሣሥ 19። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሲቃረብ ከመላው አገር ሰው ስለሚመጣ ድሬዳዋም ሐረርም አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፣ የትራንስፖርት ዋጋም ይሰቀላል። ሐምሌ 19ም እንዲሁ ነው፣ በመጠኑ ቀለል ቢልም። ንግሡን ራሱን ለማየት ካልሆነ በቀር እነዚያን ቀናት ሽሹ።

በተቃራኒው ሆን ተብሎ የሚመጣባቸው ቀናትም አሉ። ሹዋሊድ የሐረሪዎች ትልቁ በዓል ነው፤ ከረመዳን ቀጥሎ በሸዋል ወር የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ሌሊቱን በዘፈንና በከበሮ የሚነጋበት ስለሆነ በዚያ ሰሞን የምትመጡ ከሆነ ማደሪያ ቀደም ብላችሁ ያዙ። በረመዳን ወር ደግሞ ቀኑ ጭር ይላል፣ ሌሊቱ ይደምቃል። ቀን ላይ አደባባይ ቆሞ መብላትና ማጨስ ነውር መሆኑን ብቻ አትርሱ።

2. የሚያዝ

ብዙ አይደለም። ድሬ ላይ «ይሄን ምን ሊያደርግልኝ» ያላችሁት ሹራብ ማታ 1 ሰዓት ላይ ያስፈልጋል። ጫማው ሶሉ የሚይዝና በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፤ አደሬ ቤትም (የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት) መቃብር ቦታም ስትገቡ ታወልቃላችሁ። ሴቶች ሻሽ ወይም ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ይኑራችሁ። መታወቂያ ያዙ፤ በየሙዚየሙ ለአገር ልጅና ለውጭ ዜጋ የሚከፈለው ይለያያል። ቴሌብር በብዙ ቦታ ይሠራል፤ ለባጃጅ፣ ለገበያና ለጅብ መጋቢው ግን ዝርዝር ብር ያስፈልጋል። ባንኮቹ ያሉት በብዛት ከግንቡ ውጭ በአዲሱ ከተማ ስለሆነ ጁገል ከመግባታችሁ በፊት ብራችሁን አውጡ።

3. መንገዱ

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ በሮ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ ሐረር የራሷ አየር ማረፊያ የላትም። በባቡርም ወደ ድሬ መምጣት ይቻላል፤ አዲሱ ጣቢያ ያለው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው እንጂ ከዚራ ያለው አሮጌው ለገሃር አይደለም። ይህን ለባጃጅ ሹፌሩ በግልጽ ንገሩት፣ አለበለዚያ አሮጌው በር ላይ ያወርዳችኋል። በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ቀጥታ ሐረር የሚገቡም አሉ፣ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ከድሬ ወደ ሐረር ሚኒባስ ከመናኸሪያ ከጠዋት ጀምሮ ሲሞላ ይወጣል። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ተሳፈሩ። ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። መስኮት ያዙ። ደንገጎ ዳገት ላይ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ድሬ ከታች ሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች፤ ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩም በአንድ ጊዜ ይለወጣል። መኪና የሚያማችሁ ከሆነ ሆድ ሳይሞላ ተሳፈሩ፣ ሎሚ ያዙ፤ ቁርሱ ሐረር ይጠብቃችኋል።

ደንገጎ ከዘለቃችሁ በኋላ አዴሌ፣ ሐረማያ፣ ከዚያ አወዳይ ይመጣሉ። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦበት ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ውሃው ተመልሷል። ዙሪያው የጫት፣ የድንችና የሽንኩርት ማሳ ነው። አወዳይ የታወቀው የጫት ገበያ ነው። በራሳችሁ መኪና የምትሄዱ ከሆነ እዚህ ጋ ዓይናችሁን ክፈቱ፦ ጫት የጫነ መኪና ጫቱ ሳይጠወልግ ጅቡቲ ወይም ሶማሌ ላንድ ለማድረስ ይከንፋልና ከእሱ ጋር አትፎካከሩ፣ አሳልፉት። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁም ጠይቁ፤ ነጋዴው ሥራ ላይ ነው፣ ቀልድ የለውም።

ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን መናኸሪያ ጠይቁ። በየትኛውም የአገራችን መንገድ የሚደረግ ነው።

4. ማደሪያ

ሁለት ምርጫ አለ፦ ከግንቡ ውጭ ያሉት ሆቴሎችና ጁገል ውስጥ ያሉት የአደሬ ቤት ማረፊያዎች። ሆቴሎቹ የመኪና ማቆሚያ፣ ሬስቶራንትና ቢራ አላቸው። የአደሬ ቤቶቹ ደግሞ ቤተሰቡ እየኖረበት ለእንግዳ ጥቂት ክፍል የሚያከራይባቸው ናቸው፤ መጸዳጃው ብዙ ጊዜ የጋራ ነው፣ ማታ አርፍዶ መግባት አይወደድም፣ አልኮል ይዞ መግባት ፈጽሞ አይቻልም። እኔ ቢያንስ አንዱን ሌሊት ጁገል ውስጥ እደሩ እላለሁ። ከአዛን ጋር ነቅቶ መንገዱ ሳይሞላ መውጣት ከውጭ ሆቴል ሆኖ አይገኝም።

የትም ብትይዙ ግን ከዋጋው በፊት «ውሃ አለ?» በሉ። የሐረር ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ታንከር ያለው ማረፊያና የሌለው አንድ አይደሉም።

5. አስጎብኚ፦ ለግማሽ ቀን ብቻ

«አማርኛ እንችላለን፣ አስጎብኚ ምን ያደርግልናል» የሚል አገር ጎብኚ አውቃለሁ። ጁገል ውስጥ 368 ጠባብ መንገዶች እንዳሉ ይነገራል፤ ብትጠፉም ግድ የለም፣ ግንቡ አጥሯልና የትም አትደርሱም። አስጎብኚው የሚያስፈልገው መንገድ ለማሳየት አይደለም፤ በር ለማንኳኳት ነው። የሰው ቤት የሚያስገባችሁ፣ የትኛው መቃብር ዛሬ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው መስጊድ አጥር ድረስ መጠጋት እንደሚቻል የሚያውቀው እሱ ነው።

መታወቂያ ካርድ ያለውን ያዙ፤ ማረፊያችሁ ያገናኛችኋል። ስንት ሰዓት፣ ስንት ቦታ፣ ስንት ብር፣ የመግቢያ ክፍያው ከዚያ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ፣ ይህን ሁሉ ገና ሳትነሱ ጨርሱ። በመንገድ ላይ «እኔ ልውሰዳችሁ» የሚል ወጣት ከተጠጋ በትሕትና «ይዘናል አቦ» ማለት ይበቃል። ከሰዓት በኋላና ሁለተኛውን ቀን ያለ አስጎብኚ ዙሩ፤ ሐረር ሥራ ፈቶ መንከራተትን ታስተናግዳለች።

6. የመጀመሪያው ጠዋት፦ ከ3 እስከ 6 ሰዓት

ቁርስ መጀመሪያ። ፈቲራ የሚጋግር ቤት ፈልጉ፤ እንደ ወረቀት የሳሳ ሊጥ ከእንቁላል ጋር ታጥፎ ይጠበሳል፣ ላዩ ላይ ማር ይፈስበታል። አጠገቡ ፉል አለ። ከተገኘ ቁጢ ጠይቁ፦ ከቡና ቅጠል ተፈልቶ ወተትና ጨው የሚገባበት ነው። ጣዕሙ ለሁሉ አይመችም፣ ግን በቡና አገር የቡናው ቅጠልም እንደሚጠጣ ሳያዩ መመለስ አይሆንም።

ከዚያ በሐረር በር ግቡ። ይህ መኪና የሚገባበት በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው፤ ጥንታዊዎቹ አምስቱ ናቸው፣ ነገ ትደርሱባቸዋላችሁ። ቀጥ ያለው መንገድ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያወጣችኋል። እዚያ ያለው የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ግብፆች መስጊድ ሠርተውበት በነበረ ቦታ ላይ ነው። ግብፆች ሐረርን ይዘው የቆዩት እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885 ነበር፤ እነሱ ለቀው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ምኒልክ በጥር 1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የመጨረሻውን አሚር አብዱላሂን አሸንፈው ከተማዋን ያዙ፣ አስተዳዳሪነቱንም ለራስ መኮንን ሰጡ። የጨለንቆ ነገር እዚህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ነገ አደሬ ቤት ስትገቡ ወለሉ ለምን ቀይ እንደሆነ ጠይቁ፤ የዚያን ቀን ደም ማስታወሻ ነው የሚሏችሁ አሉ።

ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር ታጠፉ። የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ሲንጀሮቹ ደጅ ላይ ተደርድረው ሲንጫጩ ስሙ ከየት እንደመጣ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። ጨርቅ እዚያው ገዝታችሁ ለአንዱ ሰፊ ብትሰጡት ነገ ይደርስላችኋል። ከጉዞ የምገዛው ምንድን ነው ለሚል ሰው ይህ ከቲሸርት ይሻላል።

ከዚህ መንገድ ገባ ብሎ ሁለቱ የታወቁ ቤቶች አሉ፤ ከ6 ሰዓት በፊት ድረሱባቸው። የመጀመሪያው የራስ ተፈሪ ቤት ነው። የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገና ደጃዝማች ተፈሪ ሳሉ ከእቴጌ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት ነው ይባላል። አሁን ሸሪፍ ሙዚየም ነው፦ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በየቤቱ እየዞሩ የሰበሰቧቸው የብራና ጽሑፎች፣ ሐረር ራሷ ያስቀረጸቻቸው ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጦች፣ አልባሳትና የድሮ የድምፅ ቅጂዎች አሉበት። ሁለቱን ቤት የማየት ጊዜ ከሌላችሁ ይህን ምረጡ። ችኮላ የለም፤ የሳንቲሞቹ ሳጥን ፊት ቁሙና ይህች ከተማ የራሷ ገንዘብ የነበራት መንግሥት እንደነበረች አስቡ።

ሁለተኛው የራምቦ ቤት ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር መጥቶ ቡናና መሣሪያ ሲነግድ ኖሯል። በዚህ ቤት እንደኖረበት የሚያረጋግጥ ነገር ግን የለም፤ ቤቱም የነጋዴ ቤት ነው። ስለዚህ የገጣሚውን አልጋ ፍለጋ ሳይሆን የድሮዋን ሐረር ፎቶግራፎች ለማየትና ከላይ ሆኖ የከተማዋን ጣራ ለማየት ግቡ። የጣሪያው ውስጥ ሥዕል ደስ ይላል።

ጊዜ ከተረፈ ግድር መጋላ ወርዳችሁ የሥጋ ገበያውን እዩ። ጭልፊቶቹ ጣራው ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ በእጁ ሥጋ የያዘ ሰው ካገኙ ዘቅጠው ነጥቀው ይሄዳሉ። ሳምቡሳ እየበላችሁ በዚያ አትለፉ።

7. ከ6 እስከ 10 ሰዓት፦ ከተማዋ ትተኛለች

ይህን ሰዓት ለመታገል የሚሞክር እንግዳ ነው የሚበሳጨው። ምሳ ተበልቶ ሙዚየሙም ሱቁም ይዘጋል፣ ከዚያ የበርጫ (የጫት መቃሚያ) ሰዓት ነው፤ ከዘጉት ብዙዎቹ ቶሎ አይመለሱም። ምሳችሁን ረጋ ብላችሁ ብሉ። ሩዝ በሥጋ፣ ፓስታ፣ የፍየል ጥብስ በየቦታው አለ። ከዚያ ተኙ። የሐረር በርጫ ላይ «ና ቁጭ በል» የሚል ካጋጠማችሁ መቀመጥ ይቻላል፣ መቃም ግዴታ አይደለም፤ ጨዋታው ብቻ ይበቃል።

10 ሰዓት ላይ በሸዋ በር ወዳለው የአስማዲን ገበያ ውጡ። ቅመም፣ ዕጣን፣ የጨርቅ ጥቅልል፣ ከጎረቤት አገር የገባ ዕቃ፣ ሁሉም እዚያ ነው። መጋፋት አለ፣ ኪሳችሁን ጠብቁ።

8. ጅቦቹ፦ ማታ 1 ሰዓት

ሐረር የመጣችሁት ለዚህ ከሆነ አትፈሩ፣ አትናቁትም።

የጅብ ማብላቱ የሚካሄደው ከግንቡ ውጭ ነው፣ ከአንድ በላይ ቦታ አለ። ባጃጅ ያዙ፣ ደርሶ መልስና መጠበቂያውን ጨምራችሁ ተነጋገሩ፤ ትርኢቱ ሲያልቅ በጨለማ ባጃጅ መፈለግ ደስ አይልም። ከመጋቢው ጋር ክፍያውን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ለፎቶና ለቪዲዮ ሌላ ይጠየቅ እንደሆነም አጣሩ። የመግሪብ ሶላት ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ይመጣሉ።

መጋቢው በስም ይጠራቸዋል። ከጨለማው አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ባለ ነጠብጣቦቹ ትልልቆቹ ጅቦች ናቸው፣ አንገታቸው ወፍራም፣ ኋላቸው ዝቅ ያለ። መጀመሪያ እሱ ሲያበላ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ከዚያ «ማን ይምጣ?» ይላል። ሥጋው ትንሽ እንጨት ላይ ይጠቀለላል፤ በእጃችሁ ታበላላችሁ፣ የደፈረ በጥርሱ ይይዛል። ሌላው ዘዴ መጋቢው ሥጋውን ከትከሻችሁ በላይ ሲያነሳው ጅቡ የፊት እግሮቹን ጀርባችሁ ላይ ጥሎ የሚቆምበት ነው። ክብደቱ ያስደነግጣል፣ ትንፋሹ ይሸታል። ነጭ ልብስ አትልበሱ።

ደንቡ ጥቂት ነው፦ መጋቢው ያላችሁን ብቻ አድርጉ፣ አትሩጡ፣ በድንገት አትነሱ፣ ሥጋውን ወደ ኋላ አትሳቡ። ልጅ ካለ እጁን ይዛችሁ ከኋላ ቁሙ፤ ልጆች መሮጥ ስለሚቀናቸው እንጂ ጅቡ በዚያ ሰዓት የሚፈልገው የመጋቢውን ቅርጫት ነው። ባትሪ ወይም ፍላሽ ከማብራታችሁ በፊት ጠይቁ።

የሐረርና የጅብ ነገር ከዚህ ትርኢት የቆየ ነው። በግንቡ ሥር ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ሌሊት ገብቶ የከተማዋን ቆሻሻና አጥንት ይጠርጋል። በአሹራ ዕለት ደግሞ ገንፎ ተሠርቶ ይቀርብለታልና አበላሉን አይተው የመጪውን ዓመት ዕጣ ይገምታሉ። ስለዚህ ማታ 4 ሰዓት ላይ ወደ ማረፊያችሁ ስትመለሱ ጠባብ መንገድ ላይ አንዱን ብታገኙ ወደ ግድግዳው ተጠግታችሁ አሳልፉት። የአገሩ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ዕለቱ ሐሙስ ከሆነ ራት ከበላችሁ በኋላ ወደ አው አባድር ሂዱ። ከበሮ፣ የሚጋጭ እንጨት፣ እየተቀባበሉ የሚወጣ ዝማሬ፣ የዕጣን ጢስ አለ። የአምልኮ ቦታ ስለሆነ በአስጎብኚ በኩል አስፈቅዳችሁ ግቡ፣ ሴቶች ፀጉር ይሸፈናል፣ ጫማ ይወልቃል፣ ባዶ እጅ አይኬድም። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ተዉት።

9. ሁለተኛው ጠዋት፦ በሮቹ

በ12 ሰዓት ተኩል ውጡ። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። የኢማም አሕመድን (የግራኝን) ባልቴት ባቲ ድል ወንበራን ያገቡ፣ ኢማሙ ከሞቱ በኋላ ሐረርን ለመከላከል የተሯሯጡ ሰው ነበሩ። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያለ ችኮላ በሁለት ሰዓት ይዞራል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የተቆጠሩት 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮች ናቸው። ሁሉን ለማየት አትሞክሩ።

ጥንታዊዎቹ በሮች ሸዋ በር (አስማዲን በሪ)፣ ቡዳ በር (ባድሮ በሪ)፣ ሰንጋ በር (ሱቁታት በሪ)፣ ኤረር በር (አርጎብ በሪ) እና ፈላና በር (አሱም በሪ) ናቸው። አንዱን ብቻ በወጉ ለማየት የሚፈልግ ሰው ማለዳ ኤረር በር ይቁም። ከኤረር ሸለቆ ወገን የኦሮሞና የአርጎባ ሴቶች እንጨት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ተሸክመው በዚያ ይገባሉ፤ ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ግርግሩ ይበርዳል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ እንቢ ካሉ እንቢ ነው። ተሸክማ የቆመችን ሴት «ትንሽ ዞር በይልኝ» ማለት ደግ አይደለም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሳችሁ የአሚር ኑርን አረንጓዴ መቃብርና ባለ ሁለት ሚናራውን ጃሚዕ መስጊድ ከደጅ እዩ። አስጎብኚዎች የእርቅ መንገድ የሚሏትንም ጠባብ መተላለፊያ ጠይቁ፤ ሁለት ሰው ከተገናኘ ሳይነካካ ማለፍ አይችልም፣ ስለዚህ የተኳረፈ ይታረቃል ይላሉ።

10. አደሬ ቤት

ከ3 ሰዓት በኋላ፣ የቤቱ እመቤት ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ይኬዳል። ከውጭ የሚታየው ግድግዳ ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ግቢ፣ ከዚያ ዋናው ክፍል። ቀዩ ወለል ደረጃ በደረጃ በመደብ የተከፋፈለ ነው፤ መደቦቹ ነደባ ይባላሉ፣ አምስት ናቸው፣ እያንዳንዱም ባለቤት አለው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው። ግድር ነደባ ሰፊው፣ የእንግዳው። ስለዚህ ገብታችሁ የተመቻችሁ ቦታ ላይ ዘጭ አትበሉ፣ ተቀመጡ እስክትባሉ ጠብቁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶችና ሳህኖች የቤቱ ኩራት ናቸው፤ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ክርታት ናት፣ አዲስ ተጋቢዎች ከሰው ዓይን ተሰውረው የሚቆዩባት።

ቡና ከቀረበ ጠጡ። በሐረር ቡናው ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ስለሆነ ጣዕሙ ከሌላው ይለያል። በመጨረሻ የሚሰጠውን ገንዘብ ለአስጎብኚው ሳይሆን ለእመቤቲቱ በእጇ ስጡ። ከማለዳው ከተነገራቸው ሁልበት መረቅ የሚያበስሉላችሁ ቤቶች አሉ፤ ሬስቶራንት ውስጥ ብዙም የማይገኝ የአብሽ ምግብ ነው።

ስፌት መግዛት ከፈለጋችሁ እዚሁ ግዙ። ከሱቁ ሊወደድ ይችላል፣ ግን ማን እንደሰፋችው ታውቃላችሁ። አንዱ ስፌት ወራት ስለሚፈጅ በግማሽ ዋጋ ለመከራከር አትሞክሩ። ጥብቅነቱን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ክሩ የሚላላ ከሆነ ለገበያ በጥድፊያ የተሠራ ነው።

11. ከሰዓት በኋላ፦ ሐኪም ተራራ

10 ሰዓት ላይ ባጃጅ ይዛችሁ ከከተማዋ በስተደቡብ ወዳለው ሐኪም ተራራ ውጡ፣ የአው ሐኪም መቃብር ያለበት ነው። ከዚያ ጁገል ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የግንቡ ቅርጽ በደንብ ይለያል። በእግር መውጣትም ይቻላል፣ ብቻችሁን ግን አትሁኑ፣ ከመጨለሙም በፊት ውረዱ።

ከዚያ በኋላ ቢራ የሚጠጣ ሰው አዲሱ ከተማ ይሂድ። የሐረር ቢራ ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ የማይጠጣው ሐረር ሶፊ ያዝዛል። ጁገል ውስጥ ጠርሙስ ይዞ መዞር አይገባም።

12. ከግንቡ ውጭ፦ አንዱን ብቻ ምረጡ

ሦስተኛው ቀን ላይ ሁሉንም ልያዝ የሚል ሰው ቀኑን በመኪና ውስጥ ይጨርሳል።

ባቢሌ ከሐረር በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የዳካታ ሸለቆ አለ፤ ትልልቅ ዓለቶች አንዱ ባንዱ ጫፍ ላይ ቆመው አሁን ወደቁ አሁን ወደቁ የሚያሰኙ ናቸው። የግመል ገበያው የሚውልበትን ቀን ሐረር ላይ አጣርታችሁ ከጉዞው ጋር አገጣጥሙት፣ ከረፈደም ይበተናል። የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ለስሙ ያጓጓል፤ ግን ዝሆኖቹ በሰፊው ሸለቆ ውስጥ ስለሚንቀሳቀሱ በግማሽ ቀን የማግኘት ዕድላችሁ አነስተኛ ነው። ዝሆን አያለሁ ብላችሁ ሳይሆን ለዓለቱና ለገበያው ሂዱ። ኦቾሎኒ ከዚያው ግዙ፤ ያገሩ ነው።

ኮረሚ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ከሐረር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በኤረር ሸለቆ አናት ላይ የተቀመጠች የአርጎባ መንደር ናት፤ ቤቶቹ በድንጋይ ተደራርበው ተሠርተዋል። ባጃጅ አያዋጣም፣ መኪና ኮንትራት ያዙ፣ አስጎብኚም ከሐረር ይዛችሁ ሂዱ። ሱቅም ሬስቶራንትም እንደማይኖር አስባችሁ ውሃና ምሳ ያዙ።

ቆንዱዶ ተራራ ጠፍጣፋ አናቱ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች አሉ። እሱ ግን ሙሉ ቀንና ጥሩ እግር ይፈልጋል፣ ከአካባቢው ሰው መሪ ካልያዛችሁ አትሞክሩት።

13. መልስ

ቡና የሚገዛ ሰው ጁገል ውስጥ እየቆሉ ከሚሸጡት ቤቶች የዕለቱን ይግዛ፤ ቀድሞ ተፈጭቶ የተቀመጠውን ይተው። ሐልዋ በኪሎ ይሸጣል፣ መንገድ ላይ አይበላሽም።

የድሬ ሚኒባስ ከሸዋ በር ብዙም ሳይርቅ ካለው መናኸሪያ ይነሳል። ከሰዓት በኋላ በረራ ወይም ባቡር ያለው ሰው ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ከሐረር ይውጣ፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ አወዳይ ላይ መንገዱ እስኪከፈት፣ ድሬ ገብቶ ባጃጅ እስኪያዝ ጊዜ ይበላል። ድሬ ላይ ትርፍ ሰዓት ካገኛችሁ ቀፊራ ገበያ ገብታችሁ ወጡ። በክረምት ግን የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ መሻገሪያ አታድርጉት፣ መኪናም አታቁሙበት፤ ድሬ ላይ ዝናብ ሳይጥል ከደጋው የመጣ ጎርፍ ይደርሳል፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ብዙ መቶ ሰው የወሰደውም እንዲሁ ነበር።

ደንገጎ በክረምት ከሰዓት በኋላ ጉም ይወርድበታል። ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ከ9 ሰዓት በፊት እለፉት፤ ካመሸባችሁ ደግሞ ሐረር እደሩና ጠዋት ውረዱ።